የኮሎራዶ ነጻ የትምህርት ቤት ምሳ፦ ምግቡ ሦስት ኮከብ፣ አሠራሩ አምስት

እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ስቴት፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ ክትፎ የት እንደሚጣፍጥ፣ የማን ሽሮ ቀጥኖ እንደሚመጣ ጠይቁ፤ ሃያ ሰው ይመልስላችኋል። ፎቶ አንስቶ፣ ኮከብ ሰጥቶ፣ አስተናጋጇ ፊቷን ማጥቆሯን ሳይቀር ጽፎ። ልጆቻችን ከኦገስት እስከ ሜይ በሳምንት አምስት ቀን የሚበሉበትን ቤት ገምግሞ የጻፈ ሀበሻ ግን አላየሁም። እንግዲህ እኔ ልጻፍ።

ቤቱ የትምህርት ቤት ካፌቴሪያ ነው። ቁርስና ምሳ አለው። ዋጋው ዜሮ ነው፣ ለሁሉም ልጅ፣ የአባቱ ደመወዝ ሳይጠየቅ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ልጆቼ ገና እዚያው ይበላሉ።

ስለ እኛ ቤት ትንሽ ልበል፣ አለበለዚያ ለምን እንዲህ እንደምንጨነቅ አይገባችሁም። እኔ ኤርፖርት ነው የምሠራው። ሺፍቴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይጀምራል። ባለቤቴ ማታ ማታ ኡበር ይነዳል። ጠዋት ልጆቹን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው፣ ያውም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ። ወንዱ አምስተኛ ክፍል፣ ሴቷ ሦስተኛ ክፍል ናቸው። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ጠዋት እንቁላል ጠብሶ፣ ምሳ ዕቃ ቋጥሮ፣ ፍራፍሬ ከትፎ የሚልክ ሰው ማን ይሁን? እናቴ አዲስ አበባ ሆና በቪዲዮ «ልጆቹ ቁርስ በሉ?» ስትለኝ ድሮ እዋሽ ነበር። አሁን አልዋሽም። በሉ።

ጥር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ዕረፍት ስለነበረኝ ራሴ ሄጄ ከልጄ ጋር ምሳ በላሁ። ለትልቅ ሰው ነጻ አይደለም፤ አምስት ዶላር ገደማ ከፈልኩ። ሰልፉ ውስጥ ልጆቹ ተራ በተራ ትንሽ የቁጥር ሰሌዳ ላይ ኮዳቸውን ይነካሉ። ልጄ ሳታይ ነው የምትነካው፣ እኔ የባንክ ፒኔን እንኳን እንደዚያ አልመታም። ከዚያ ትሪ። ትሪው ክፍል ክፍል አለው። የዕለቱ ምግብ በዳቦ የተሸፈነ ዶሮ ነበር፣ የተቀቀለ ፎሶሊያ፣ ብርቱካን፣ ጥሬ ካሮት፣ እና ትንሽ የካርቶን ወተት።

ዶሮው ደህና ነው። ደህና ስል፣ ትኩስ ነው፣ ይበላል፣ ዶሮ ዶሮ ይላል ለማለት ነው። ዳቦው ግን ደረቅ ነው፣ ከነፉርሽካው የተፈጨ ስንዴ ስለሆነ ለጤና ጥሩ ነው ይላሉ፣ ይሁን፣ ግን ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ፎሶሊያው የታማሚ ቤት ፎሶሊያ ነው። ጨው የለም። እሱም ሕግ ነው፤ የትምህርት ቤት ምግብ ላይ የጨው ልክ በፌደራል መንግሥት ተቆርጦ ተቀምጧል፣ ወጥ ቤቷ ብትፈልግም መጨመር አትችልም። የእኔ ልጅ ለዚህ መላ አግኝቷል። ጥፍር በምታህል የላስቲክ ከረጢት ሚጥሚጣ ይዞ ይሄዳል። አንድ ቀን ቦርሳውን ስከፍት ዝርግፍ አለብኝና ነቃሁበት። «የአንተ ብቻ ይሁን» ብዬው ነበር፤ አሁን ለሁለት የሜክሲኮ ልጆችና ለአንድ የሶማሌ ልጅ በየቀኑ እንደሚያድል በኋላ ሰማሁ። ከወር በፊት የገዛሁት ግማሽ ኪሎ አልቋል።

ትልቁ ችግር ምግቡ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ውስጥ ሰልፉ ሰባት ስምንቱን ይበላዋል። የአንደኛ ክፍል ልጅ የወተቱን ካርቶን ለመክፈት ብቻ ሁለት ደቂቃ ይታገላል (አጠገቤ የተቀመጠው ሚጢጢ ልጅ በጥርሱ ነበር የያዘው፣ እኔ ከፈትኩለት፣ ከዚያ ስድስት ልጅ ካርቶኑን ይዞ ተሰለፈብኝ)። ደወሉ ሲደወል ግማሹ ብርቱካን እንዳለ ቆሻሻ ውስጥ ገባ። እኔ ያደግኩት ዳቦ መሬት ከወደቀ ተስሞ በሚነሳበት ቤት ነው። በዓይኔ ማየት ከበደኝ። ያልተከፈተ ወተትና ያልተነካ ፍራፍሬ ማስቀመጫ ጠረጴዛ አላቸው፣ ሌላ ልጅ ከዚያ ማንሳት ይችላል፣ ይህ ጥሩ ነው። ግን አይበቃም።

ወጥ ቤቷን ግን ላመስግን። እድሜዋ ከእናቴ ብዙ አይርቅም። ልጆቹን ሁሉ በስም ነው የምትጠራቸው። የእኔን ልጅ ስም አብዛኞቹ አስተማሪዎች እስከ አሁን ያጣምሙታል፣ እሷ ቁልጭ አድርጋ ትጠራዋለች። ለእሷ ብቻ አንድ ኮከብ።

አሁን ወደ ጾሙ እንምጣ፣ የሀበሻ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ።

ልጄ ሰባት ዓመት ሲሞላት «እኔም እጾማለሁ» አለች። ረቡዕና ዓርብ። ደስ አለን። ከዚያ የመጀመሪያው ዓርብ መጣ። ዓርብ ፒዛ ነው። በዚህ አገር ዓርብ ሁሌ ፒዛ ይመስለኛል፣ ማን እንደፈረደብን አላውቅም። ልጅቷ ካሮትና ፖም በልታ፣ ወተቷን ደፍታ፣ ሆዷ ጮሆ ቤት ገባች። እኔ ደግሞ ወተት መድፋቷን ስሰማ ተቆጣሁ። «ካልፈለግሽ ለምን ትወስጂዋለሽ?» ስላት «ሁሉም ይወስዳል» አለች።

በኋላ ጠይቄ ያወቅኩትን ልንገራችሁ፣ ብዙ ወላጅ አያውቀውም። ምሳው ላይ አምስት ዓይነት ነገር ይቀርባል፦ ሥጋ ወይም የሥጋ ምትክ፣ እህል፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ወተት። እኛ ትምህርት ቤት ልጁ ከአምስቱ ሦስቱን ካነሳ ይበቃል፣ ግን ከሦስቱ አንዱ የግድ አትክልት ወይም ፍራፍሬ መሆን አለበት። ወተት ግዴታ አይደለም። ልጄ አንድ ዓመት ሙሉ ወተት ስትደፋ የኖረችው ይህን የነገረን ስለሌለ ነው። ትንንሽ ክፍሎች ላይ አሠራሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ስለዚህ የእናንተን ትምህርት ቤት ጠይቁ።

ከዚያ አራት እናቶች ሆነን ኢሜይል ጻፍን። ሁለታችን ሀበሻ፣ አንዷ ሶማሌ፣ አንዷ ሥጋ የማትበላ ሕንድ። የሶማሌዋ ጥያቄ የአሳማ ነገር በግልጽ ይጻፍ ነው። የእኛ፣ ረቡዕና ዓርብ ያለ አይብና ያለ ሥጋ አንድ ነገር ይቅረብ ነው። ኢሜይሉን አሥረኛ ክፍል ያለች የጎረቤቴ ልጅ አስተካከለችልን፤ እኔ «እንለምናለን» ብዬ የጻፍኩትን «እንጠይቃለን» አደረገችው። ለመጀመሪያው ኢሜይል መልስ አልመጣም። ለሁለተኛው «እናየዋለን» ተባልን። ሦስተኛውን ይዘን ለትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ሄድን፣ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ይሰጣል፣ እኔ ሁለቱን በመንቀጥቀጥ ጨረስኩት። ከወር በኋላ በጥቁር ባቄላና በሩዝ የተጠቀለለ ነገር በሁለቱ ቀን መውጣት ጀመረ። ጣዕሙ? እንጀራ የለመደ ሰው አይደነቅበትም። ግን አሁን ሁዳዴ ነው፣ ሃምሳ አምስት ቀን፣ ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ ጾማ ጠግባ ትውላለች። በሌሎቹ ቀናት ባቄላው ሲጠፋ የሱፍ ቅቤና ማርማላታ የተቀባ ዳቦ አለ። ሱፍ! ለፍትፍት የምናውቀውን ሱፍ ያስታውሳል፣ የሱፍ አበባ ፍሬ ነው፣ ኦቾሎኒ አለርጂ ላለበት ልጅ ብለው በምትኩ ያስገቡት። ልጄ ወዳዋለች።

ይህ ሁሉ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ከዚህ በፊት የነበረውን ካላያችሁ ማለቴ ነው።

በኮቪድ ጊዜ፣ ከ2020 የጸደይ ወራት ጀምሮ፣ የፌደራል መንግሥት ለሁሉም ልጅ ምግቡን ነጻ አድርጎት ነበር። በ2022 ጁን መጨረሻ ላይ ያ ቆመ። ቆሟል የሚል ኢሜይል ተልኮልን ይሆናል፤ ከትምህርት ቤት በቀን አራት ኢሜይል ይመጣል፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም ርዕሱ ላይ «አስቸኳይ» ይላል። አላነበብነውም። ልጄ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነው። እንደ ወትሮው ኮዱን እየነካ ይበላ ነበር። ኦክቶበር ላይ ወረቀት ይዞ መጣ። ዕዳ። ከመቶ ዶላር በላይ።

ለእርዳታ አመለከትን። እዚህ አገር በቤተሰቡ ገቢ ነው የሚለካው፦ ከድህነት መስመሩ 130 በመቶ በታች ከሆናችሁ ነጻ፣ እስከ 185 በመቶ ከሆናችሁ ቅናሽ። እኔ ያን ጊዜ ኦቨርታይም እሠራ ነበር። በኦቨርታይሙ ምክንያት ከመስመሩ በትንሽ አለፍን። የቤት ኪራዩን፣ የመኪናውን ኢንሹራንስ፣ አገር ቤት የሚላከውን ማንም አይጠይቅም፤ ያገኛችሁትን ብቻ ነው። ብዙ ስለሠራሁ የልጄ ምሳ ተቆረጠ፣ እንዲህ ነው ነገሩ።

ዕዳውን ቀስ እያልን ከፈልን። እሱ አይደለም የቆጨኝ። ልጁ መብላት አቁሞ ነበር። ወረቀቱን ሲሰጡት ጓደኞቹ አይተዋል። ከዚያ ወዲያ ሰልፉ ውስጥ አይገባም፣ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብሎ «አልራበኝም» ይላል። ይህን የነገረችኝ እህቱ ናት፣ ያኔ መዋዕለ ሕፃናት የነበረችው፣ ከሰልፉ ሆና እያየችው። ሁለት ሳምንት። ማታ ቤት ሲመጣ ግን ድስቱን እስከ ታች ይጠርገዋል፣ እኔም «ዘንድሮ ልጄ ሊያድግ ነው» እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያው ኖቬምበር ነው የኮሎራዶ ሕዝብ ድምፅ የሰጠው። ፕሮፖዚሽን ኤፍ ኤፍ ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በዓመት 300 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያገኝ ሰው ከታክሱ ላይ የሚቀነስለት መጠን ይገደብ፣ ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ ለሁሉም የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ቁርስና ምሳ ይሁን። አለፈ፣ ከመቶ 57 አካባቢ ደግፎት። በ2023 ኦገስት ተጀመረ። ካሊፎርኒያና ሜይን ከእኛ ቀድመው ነበር፣ ሚኒሶታ በዚያው ዓመት ገባች። ልጄ እስከዚያ ድረስ ከቤት የሚቋጠር ዳቦ ሲበላ ከርሞ ነበር፤ ነጻው ምሳ በተጀመረ በነጋታው ሰልፍ ገባ። ሁሉም ልጅ ነጻ ከሆነ ማን ድሃ እንደሆነ የሚያሳይ ነገር የለም። የዚህ አገልግሎት ትልቁ ነጥብ ይሄ ነው፤ አምስት ኮከቡን የሰጠሁት ለዚህ ነው።

ከዚያ ገንዘቡ አነሰ። ለምን አነሰ ብትሉ ከታሰበው በላይ ልጅ በላ። ነጻ ሲሆን የሚበላ ልጅ ብዛት ይጨምራል፣ ይህን ለመገመት ሳይንስ ያስፈልጋል? አንድ ቀን የእናቴን ማኅበር ላይ ምግብ አሳንሳችሁ አቅርቡና እዩ። መጀመሪያ ላይ ቃል የተገቡት ነገሮች፣ የወጥ ቤት ሠራተኞች ደመወዝ መጨመሪያና ከአካባቢው ገበሬ መግዣው፣ ወደ ኋላ ተገፉ። ካልተሞላ ከ2026 ጃንዋሪ ጀምሮ ነጻው ምግብ ለሁሉም ትምህርት ቤት አይቀጥልም፣ ድሃ ልጅ የበዛበት ጋ ብቻ ይቀራል ተባለ። ያ ማለት እንደገና የኦቨርታይም ስሌት፣ እንደገና ወረቀት።

ስለዚህ በ2025 ኖቬምበር እንደገና ድምፅ። ይኸኛው ሁለት ነው፣ ኤል ኤል እና ኤም ኤም። ኤል ኤል ስቴቱ ከግምቱ በላይ የሰበሰበውን 12.4 ሚሊዮን ዶላር ለምግቡ እንዲያስቀረው ነው። ኤም ኤም ደግሞ የእነዚያኑ 300 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያገኙ ሰዎች የቅናሽ ልክ የበለጠ ያጠበዋል፦ ነጠላ ከሆነ ከ12 ሺህ ወደ 1 ሺህ፣ ባልና ሚስት ከሆኑ ከ16 ሺህ ወደ 2 ሺህ ዶላር። ሀንገር ፍሪ ኮሎራዶ የሚባለው ድርጅት ከብዙ ሰዎች ጋር ሆኖ ቀሰቀሰ። እኔም በአቅሜ ቀሰቀስኩ። እኔ ገና ግሪን ካርድ ነኝ፣ አልመርጥም። ግን መናገር ማንም አይከለክለኝም፣ በተለይ ከቅዳሴ በኋላ።

ኦክቶበር ላይ ነው፣ የምርጫ ወረቀት በየቤቱ በፖስታ ሲመጣ። እዚህ ስቴት ለተመዘገበ ሰው ሁሉ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። ሰው ወረቀቱን እያነበበ ይደነግጥ ነበር። ለምን መሰላችሁ፣ በኮሎራዶ ሕግ ታክስ የሚጨምር ጥያቄ ከሆነ «የስቴቱ ታክስ በዓመት ይህን ያህል ይጨመር ወይ?» ብሎ በትልልቅ ፊደል መጀመር አለበት። ማን ላይ እንደሚጨመር የሚመጣው በኋላ ነው። እዚያ ድረስ የሚያነበው ማነው?

ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ዳቦና ሻይ ይዘን ቁጭ ብለናል። አንድ አባት፣ ታክሲ ከነዱ ሃያ አምስት ዓመታቸው ነው፣ ወረቀቱን ከኮታቸው ኪስ አወጡ።

«እህቴ፣ አንቺ ደግፉ ትያለሽ አሉ። ይሄ እኮ ታክስ ይጨመር ነው የሚለው። ጨምሩብኝ ብዬ የምፈርም ምን ነክቶኝ ነው?»

«ጋሼ፣ በዓመት ሦስት መቶ ሺህ ዶላር ያገኛሉ?»

ትንሽ አሰቡ። «በማይል ከሆነ መኪናዬ ደርሳለች» አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ቁጭ ብለን በአማርኛ መስመር በመስመር አነበብነው፣ ለሰባት ስምንት ሰው። አንዱ «ለሀብታም ልጅ ምሳ ምን አስጨነቀን፣ ለድሃው ብቻ አይሰጥም?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሁሌም ይነሳል። ስለ ልጄና ስለ ሁለቱ ሳምንት ነገርኩት። ዝም አለ። ደግፎ ይሁን ተቃውሞ አላውቅም፣ አልጠየቅኩትም። ጋሼ ግን ኖቬምበር 4 ማታ፣ ሳጥኑ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ወረቀቱን ሲከቱ ፎቶ ልከውልኛል። ሁለቱም አለፉ።

እስቲ አሁን ደግሞ ስለ እኛ ስለ ሀበሾች ልናገር፣ ቅር እንዳትሰኙ። «ልጄ የመንግሥት ምግብ አይበላም» የሚል አለ። ምነው? ሕዝብ ትምህርት ቤት ነው የሚማረው፣ መጽሐፉም የመንግሥት ነው፣ የሚጋልብበት ቢጫ አውቶቡስም የመንግሥት ነው። ምሳው ላይ ስንደርስ ነው ክብራችን የሚነሳው። ይህ ፕሮግራም አዲስ የተፈጠረ ምጽዋት አይደለም። የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ በ1946 ነው የወጣው፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን ነው የፈረመው፣ ከጦርነቱ በኋላ። አሜሪካኖቹ አያቶች በልተውት አድገዋል።

ለነገሩ አገር ቤትም ያው ነው። እኔ አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስማር ጠዋት ሰልፍ ላይ ባንዲራ እየተሰቀለ ዘፍ የሚል ልጅ ነበር። «ወባ ነው» እንባባል ነበር። አዲስ አበባ ላይ ምን ወባ አለ? ቁርስ ነው። በኋላ የእናት ወግ የሚባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር በየትምህርት ቤቱ መመገብ ጀመረ፤ ከዚያ በ2012 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በራሱ በጀት ያዘው፣ ቁርስና ምሳ፣ እናቶች ተደራጅተው እያበሰሉ። መጀመሪያ ሰው ጀመረው፣ ቀጥሎ መንግሥት በጀት ያዘለት። አስተማሪዋ እህቴ እንደምትለው ልጆቹ ከደወሉ በፊት ነው የሚደርሱት። ደግሞ እዚያ ስለ ጾም ኢሜይል የሚጽፍ የለም፤ ዓርብ ምስር ነው፣ አለቀ። በዚህ ብቻ አዲስ አበባ አውሮራን ትበልጣለች፤ እህቴን ስነግራት «ፒዛ እኮ ነው የምትሉን» ብላ ሳቀችብኝ።

አንድ ከባድ ቅሬታ ይቀረኛል፣ ፎርሙ። ምግቡ ነጻ ስለሆነ ወላጅ የገቢ ፎርሙን መሙላት ትቷል። «ለምን ልሙላ፣ ልጄ እንደሁ ይበላል» ይላል። ግን እዚያ ላይ ነው ነገሩ። ልጁ ኮዱን የሚነካው ለዚህ ነው፦ የፌደራል መንግሥት ለእያንዳንዱ ትሪ ይከፍላል፣ ግን ለድሃ ልጅ ትሪ ብዙ፣ ለሌላው ትንሽ። ልዩነቱን ስቴቱ ይሸፍናል። ፎርም ሳትሞሉ ስትቀሩ የእናንተ ልጅ «ከፋይ» ተብሎ ይቆጠራል፣ ከዋሽንግተን ሊመጣ የሚችለው ገንዘብ ይቀራል፣ ጫናው እዚሁ ኮሎራዶ ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ ተመልሰን ድምፅ እንስጥ እንባላለን። ትምህርት ቤቱ ለችግረኛ ተማሪ የሚያገኘው ሌላ በጀትም በዚያው ቆጠራ ይነካል። የእኛ ትምህርት ቤት ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጽፎ ቢልክ ምን ነበረበት? በስፓኒሽ ልኳል። ለዚህ አንድ ኮከብ እቀንሳለሁ፣ ካሉት አምስቱ ላይ ሳይሆን ከምግቡ ላይ፣ ሂሳቡ አይያዝብኝ።

ፍርሃት ያለባችሁም አላችሁ፣ አውቃለሁ። የምግቡ ፎርም ስለ ኢሚግሬሽን ወረቀት አይጠይቅም። ከአንድ ትልቅ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ 4 ቁጥር ይጠይቃል፤ የሌለው ሰው «የለኝም» የሚል ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋል። ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ መንግሥት የሚሰጠውን የምግብ መግዣ፣ የምታገኙ ከሆነ ልጁ በራሱ ይመዘገባል። እነዚህ ልጆች ደግሞ በጋ ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ለእያንዳንዳቸው 120 ዶላር በካርድ ይመጣላቸዋል። ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ ካርዱን ማስታወቂያ መስሏት ጣለችው። ፖስታችሁን ሳታዩ አትጣሉ።

ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያ ላላችሁ ዘመዶቼ፦ በእናንተ ስቴት «ለሁሉም» የሚል ሕግ ባይኖርም አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከአራት ልጅ አንዱ በፉድ ስታምፕና በመሳሰሉት የሚታወቅ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ለሁሉም ልጅ ነጻ ማድረግ ይችላል። ይችላል ነው፣ ይገደዳል አይደለም። ስለዚህ ጠይቁ። ኢሜይል ጻፉ። መልስ ካልመጣ ሁለተኛ ጻፉ። የእኛን ኢሜይል የምትፈልጉ ካላችሁ እልክላችኋለሁ፣ «እንጠይቃለን» የሚለውን።

የሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባ በሚያዝያ ነው። የዚህ ጊዜ ጥያቄያችን ሃያው ደቂቃ ሰላሳ ይሁን ነው። እኔ ሺፍት አለኝ፣ ባለቤቴ ነው የሚናገረው። ትናንት ማታ መስታወት ፊት ቆሞ ሲለማመድ ልጄ በስልኳ ሰዓት እየያዘችለት ነበር። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ «ደወል ተደወለ» አለችው፣ ገና ሰላምታ ላይ ነበር።